ቆጣሪውን የሚያስሮጠው ሙቀት ነው

የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ ሲል ቆይቷል። ጭማሪው በአንዴ እንዳይከብድ ተብሎ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ እንዲሄድ ነው የተወሰነው። ባሕር ዳር ውስጥ ቢል በመጣ ሰሞን ብዙ ቤት ብትገቡ አንድ ዓይነት ንግግር ትሰማላችሁ። «የሳሎኑን መብራት ማነው ሳያጠፋ የተኛው?» «ቻርጀሩን ንቀሉት እንጂ!» «ቴሌቪዥኑን የሚያየው ከሌለ ዝጉት።»

አምፖል ማጥፋት ጥሩ ልማድ ነው፤ ልጆችም ይልመዱት። ግን ሒሳቡን ቁጭ ብሎ የሠራ ሰው ገንዘቡ የሚሄደው በዚያ በኩል እንዳልሆነ ያያል። አሁን ገበያ ላይ ያለው ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር የሚፈጀው 1.35 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው የሚቆጥርበት መለኪያ) ነው። ስልክ በየቀኑ ቻርጅ ማድረግ በወር አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። የእንጀራ ምጣድ ግን ብዙውን ጊዜ 3500 ዋት አካባቢ ይስባል። አምፖሉ ወር ሙሉ የበላውን ምጣዱ በ23 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ምጣዱ ግሎ የመጀመሪያው ሊጥ በሚፈስበት ሰዓት አካባቢ ማለት ነው።

ቆጣሪውን የሚያስሮጠው ሙቀት ነው። ምጣድ፣ ስቶቭ፣ የውኃ ማሞቂያ፣ ካውያ። ብርሃን፣ ድምፅና ምስል ትንሽ ኃይል ይበቃቸዋል። አንድ ነገር ማሞቅ ግን ብዙ ይጠይቃል። አንድ ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ እስከ መፍላት ለማድረስ፣ ምንም ሙቀት ባይባክን እንኳ፣ የሚያስፈልገው ኃይል ያንን አምፖል ከ9 ሰዓት በላይ ያበራዋል። ለአንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ የሚሆን ውኃ ብቻ ነው እያልኩ ያለሁት።

ይህን በራሳችሁ ዓይን ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ የምትል ትንሽ መብራት አለች። ስንት ብልጭታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንደሚሞላ ቆጣሪው ፊት ላይ ተጽፏል። ቁጥሩ 1600 ከሆነ፣ በቤቱ ውስጥ አንድ ባለ 9 ዋት አምፖል ብቻ ሲበራ ብልጭታዋ በአራት ደቂቃ አንዴ ገደማ ናት። ከዚያ ምጣዱን ሰኩት። በሁለት ሰከንድ ሦስት ጊዜ ብልጭ ትላለች። ሌላውን ሁሉ አጥፍቶ አንድ በአንድ እየሰኩ መሞከር ግማሽ ሰዓትም አይፈጅም። ማን ብዙ እንደሚበላ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

ታሪፉ ደግሞ በእርከን የተሠራ ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት የሚከፍለው ዋጋ ዝቅተኛው ነው። ከዚያ በላይ እየወጣችሁ ስትሄዱ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ እየጨመረ ይሄዳል። የመጨረሻው እርከን ከ500 በላይ ለሚጠቀሙ ነው። አሁን ምጣዱን አስቡት። 30 እንጀራ የሚጋግር ቤት ምጣዱ እስኪግል 20 ደቂቃ፣ ለመጋገር ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድበት፣ በአንድ ዙር 6.4 ኪሎዋት ሰዓት ፈጅቷል። በሳምንት ሁለቴ ከጋገረ በወር 50 ያልፋል። ዝቅተኛው እርከን በምጣድ ብቻ አለቀ ማለት ነው። 

ስለዚህ ምጣዱ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ተገቢ ነው።

የምጣዱ ዋና ኪሳራ ማጋሉ ላይ ነው። ሸክላው ወፍራም ነው፤ ሙቀት ለመጠጣት ጊዜ ይፈልጋል። በ20 ደቂቃ ውስጥ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጠጣል፤ ገና አንድ እንጀራ ሳይወጣ። አሥር አሥር እንጀራ በሦስት ቀን የሚጋግር ሰው ይህን ኪሳራ ሦስቴ ይከፍላል። ሠላሳውን ባንድ ላይ የሚጋግር አንዴ ብቻ። «እንጀራው ይሻግትብኛል» የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት በተለይ። ፍሪጅ ያለው ቤት ግን ግማሹን በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይችላል። ፍሪጅ የሌለው ደግሞ ጎረቤት አለው። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

ሸክላ በዝግታ እንደሚግል ሁሉ በዝግታ ነው የሚበርደው። ይህ የሚጠቅመን ነገር ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍቶ በቀረው ሙቀት መጋገር ይቻላል። ከዚያ በኋላም ቆሎ ለመቁላት፣ ሽሮ ሊፈጭ የታሰበ ሽምብራ ለማመስ፣ ቂጣ ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ይተርፋል። እናቶቻችን በእንጨት ምድጃ ጊዜ ፍሙ ሳይጠፋ ሌላ ሥራ ይሠሩበት ነበር። በኤሌክትሪክ ምጣድ ጊዜ ይህ ልማድ ለምን እንደቀረ አይገባኝም።

አክንባሎው ሁለተኛው ነገር ነው። ምጣዱ ሲግል ጀምሮ መከደን አለበት። ክፍት ሆኖ የሚግል ምጣድ ሙቀቱን ለኩሽናው ጣሪያ ነው የሚሰጠው። ሊጡን በጆግ ሞልታችሁ ከያዛችሁ በኋላ ነው አክንባሎውን ማንሳት። እንጀራው ሲወጣም ሰፌዱ ቅርብ ይሁን። የጠመመና የማይገጥም አክንባሎ ካለ ይለወጥ፤ በጎን በኩል የሚወጣው እንፋሎት የከፈላችሁበት ነው።

ሦስተኛው ከታች ነው። ሽቦው የተቀበረው በሸክላው ሆድ ውስጥ ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ ወደ ላይ ብቻ አይሄድም። ብዙዎቹ ምጣዶች ከሥር ያላቸው ቀጭን ቆርቆሮ ነው። በሚጋገርበት ሰዓት እጃችሁን ከታች በኩል ብታስጠጉ (አትንኩት!) ምን ያህል ሙቀት ወደ ወለሉ እንደሚወርድ ይሰማችኋል። አዲስ ምጣድ ስትገዙ ሻጩን ዋት ብቻ አትጠይቁት፤ ከሥሩ ምን እንደተሞላ ጠይቁት። እንደ ፋይበር ግላስ ያለ ሙቀት የሚያግድና እሳት የሚችል ነገር ያለው ምጣድ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም አይበርድም። ያለውን ማስሞላትም ይቻላል፤ ተነቅሎ፣ በርዶ፣ በባለሙያ እጅ። ስፖንጅና ፎም ግን ሞት ነው፤ ይቀጣጠላል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ከሥራ የሚመጣ ሰው ማታ ነው የሚጋግረው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ መንደሩ በሙሉ ስቶቭና ምጣድ ላይ ነው። ትራንስፎርመሩ ሲጨናነቅ ቮልቴጁ ይወርዳል። ያኔ አምፖሉ ይደክማል፤ እኛም «ፓወሩ ቀነሰ» እንላለን። ምጣድ ላይ የሚሆነው ግን ከምናስበው በላይ ነው። የማሞቂያ ሽቦ ጉልበቱ ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይደለም የሚወርደው፤ በካሬ ስሌት ነው፤ ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ማለት ነው። መስመሩ ከ220 ቮልት ወደ 180 ቢወርድ፣ ባለ 3500 ዋቱ ምጣድ የሚሰጠው 2350 ዋት ገደማ ብቻ ነው። አንድ ሦስተኛው ጠፋ። በሌላ በኩል ምጣዱ ወደ አየርና ወደ ወለል የሚያፈስሰው ሙቀት አይቀንስም። ስለዚህ ማጋሉ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ በሁለት እንጀራ መካከል መጠበቅ ይመጣል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ይደርቃል። ሊጡ ተወቀሰ፣ አብሲቱ ተወቀሰ፣ የጋገረችው ልጅ ተወቀሰች። ጥፋቱ ግን የሰዓቱ ነው። ማልዶ ወይም ቀትር ላይ የጋገረ ያንኑ 30 እንጀራ ባነሰ ኪሎዋት ሰዓት ያወጣል። የሳምንቱን መጋገር ቅዳሜ ጠዋት ላይ ማድረግ ለብዙ ቤት ይቻላል። ለጎረቤትም ውለታ ነው፤ የማታው መስመር ትንሽ ይቀልለታል።

እግረ መንገዴን ስለ ሶኬት አንድ ነገር ልበል፤ ሕይወት ያለበት ነገር ስለሆነ። 3500 ዋት በ220 ቮልት ማለት 16 አምፔር ነው። ተራ የግድግዳ ሶኬት ልኩ እዚያ ጋ ያበቃል። ኤክስቴንሽን ላይ ምጣድ መሰካት፣ ከዚያም ስቶቭ መጨመር፣ እሳት መጥራት ነው። ጫፉ የጠቆረ ሶኬት፣ የለሰለሰ መሰኪያ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ካለ መጋገሩ ይቁም። ምጣድ የራሱ ብሬከር፣ ከቆጣሪው ሳጥን ቀጥታ የሚመጣ የራሱ ወፍራም ሽቦ ያስፈልገዋል። የሚሞቅ ሶኬት ደግሞ ኃይልም እየበላ ነው፤ ያ ሙቀት ከቆጣሪው ያለፈ ነው።

«ሕዳሴ ተመርቆ የለ እንዴ፣ ለምን እንቆጥባለን?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ እሰማለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ግን ግድቡ ባለበት ጉባ ላይ የሚመነጨው ኃይልና ቀበሌያችን ያለው ትራንስፎርመር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሰፊው የሚመነጭ ኃይል በጠባብ ሽቦና በተጨናነቀ ትራንስፎርመር በኩል ነው ቤታችን የሚደርሰው። የማታው መዳከም በአብዛኛው የማመንጨት ሳይሆን የማከፋፈል ችግር ነው። ቢሉን ደግሞ ግድቡ አይከፍልልንም።

ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። መብራታችን ከሐይቃችን ጋር የተያያዘ ነው። በ2002 ሥራ የጀመረው ጣና በለስ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ከሐይቁ ምዕራባዊ ክፍል በዋሻ ውኃ ወስዶ ነው። ውኃው ከ300 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ተርባይኑን ይመታል፤ ከዚያ ወደ በለስ ወንዝ ይሄዳል። በዚህ ቁልቁለት አንድ ሜትር ኩብ ውኃ፣ ማለትም አንድ ሺህ ሊትር፣ የሚሰጠው ሦስት አራተኛ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ብሔራዊ መስመሩ የተያያዘ ስለሆነ የእናንተ ምጣድ በየትኛው ግድብ እንደጋለ መለየት አይቻልም። ግን ከበለስ መጣ ብላችሁ ካሰባችሁት፣ አንድ ዙር እንጀራ ከጣና ስምንት ሺህ ሊትር በላይ ውኃ ወስዷል። ወደ በለስ የሄደ ውኃ በጢስ ዓባይ አያልፍም። ከክረምት ውጪ ፏፏቴው ድሮ የነበረው ግርማ የሌለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እንጀራ አንጋግር አልልም። በክፍት ምጣድ ለጣሪያው የሚለቀቀው ሙቀት ከየት እንደመጣ ማወቅ ግን ደስ አይልም።

ወደ ውኃ ማሞቂያ እንሂድ። ባሕር ዳር ቆላ ስላልሆነች ከኅዳር እስከ ጥር ማለዳው ይቀዘቅዛል፤ ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስም አለ። ቀዝቃዛ ውኃ ገላ ላይ ማፍሰስ ለሽማግሌና ለሕፃን ከባድ ነው። ስለዚህ ቦይለር የሚያስገባው ሰው በዝቷል። ባለ 50 ሊትር ቦይለር ውኃውን ከ22 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ይህ የማይቀር ወጪ ነው። የሚቀረው ወጪ ሌላ ነው፦ ቀን ከሌት የተሰካ ቦይለር ማንም ባይታጠብም እየበረደ፣ እንደገና እየሞቀ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሊያባክን ይችላል። በወር 30። ይህ ከግማሽ የእንጀራ ወጪ ይበልጣል፤ ማንም ያልታጠበበት ውኃ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። 1500 ዋት የሆነ ቦይለር 50 ሊትሩን ለማሞቅ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ከመታጠባችሁ በፊት አብሩት፣ ሲሞቅ አጥፉት፣ ቤተሰቡ ተከታትሎ ይታጠብ። አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ቀትር፣ አንዱ ማታ ከሆነ ግን ሦስት ጊዜ ማሞቅ ነው። የሙቀት መቆጣጠሪያው 75 ላይ ካለ ወደ 60 አውርዱት፤ ፈልቶ በቀዝቃዛ ለሚቀላቀል ውኃ ለምን ይከፈላል? ባልዲና ጣሳ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ይፈጃል። 15 ሊትር ለብ ያለ ውኃ ሲሦ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይወስድም። ሻወሩ ላይ የሚገጠመው ፈጣን ማሞቂያ የሚጠብቅ ውኃ ስለሌለው ብክነቱ ትንሽ ነው፤ ግን በአንዴ የሚስበው ከምጣድም ሊበልጥ ይችላል። ኧርዝ (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) በሌለው ቤት ውስጥ ሊገጠም አይገባም። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ግን ለምን መብራት? ይህች ከተማ ፀሐይ ሞልቷታል። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በቀን በአማካይ ወደ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ የፀሐይ ኃይል ያርፋል። የሶላር ውኃ ማሞቂያ ትልልቅ ሆቴሎች ጣሪያ ላይ ብቻ የሚታይ ነገር መሆን የለበትም። ዋጋው ለብዙ ቤት ከአቅም በላይ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ ጥቁር ሮቶ ያለው ሰው ከሰዓት በኋላ ለብ ያለ ውኃ በነፃ አለው። ቦይለሩ ከ22 ዲግሪ ሳይሆን ከ30 ቢነሳ የሚፈልገው ኃይል በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ገላን ከጠዋት ወደ አሥር ሰዓት ማዞር ለሚችል ሰው ቦይለሩ አንዳንድ ቀን ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል።

ስቶቭ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 አካባቢ ነው። ስለዚህ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ የበሬ ሥጋ ለመብሰል ከቆላ ይልቅ ይቆያሉ። ምድጃውን የመጨረሻ ላይ ማድረግ አይረዳም። ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ ሙቀቱ ከ94 አያልፍም፤ የተጨመረው ኃይል እንፋሎት ሆኖ ይወጣል እንጂ ወጡን አያፈጥነውም። አንዲት ጎረቤታችን፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት፣ ይህን ሳይማሩ ያውቁታል። «ልጄ፣ ከፈላ በኋላ ምን ያቻኩልሻል? ዝቅ አድርጊውና ክደኚው» ይላሉ ልጃቸውን። ፊዚክሱም የሚለው ይህንኑ ነው።

የተሻለው መንገድ የሙቀቱን ጣሪያ ራሱን ከፍ ማድረግ ነው። የግፊት ድስት፣ ብዙ ሰው ፕሬዠር ኩከር የሚለው፣ እንፋሎቱን አፍኖ ውኃውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ለደጋና ለወይና ደጋ አገር ከዚህ የተሻለ የኩሽና ዕቃ አላውቅም። ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ባቄላ በግማሽ ሰዓት አካባቢ ይበስላል። ጎማውና የእንፋሎት መውጫው ንጹሕ ይሁን ብቻ። እሱ ከሌለ ደግሞ ማታ መዘፍዘፍ አለ፤ ምንም አያስከፍልም።

ኢንዳክሽን ስቶቭ አሁን በየሱቁ እየታየ ነው። የሚያሞቀው ድስቱን ራሱን ስለሆነ በጎን የሚፈስሰው ሙቀት ትንሽ ነው። ግን ማግኔት የሚይዘውና ሥሩ ጠፍጣፋ የሆነ ድስት ይፈልጋል። የሸክላ ድስትና ብዙው የአሉሚኒየም ዕቃችን አይሠራበትም። ስለዚህ ስቶቩን ብቻ ሳይሆን ድስቱንም ጨምራችሁ አስሉ። በተራው ስቶቭ ለሚቀጥል ሰው፣ ሥሩ የጎበጠ ድስት ትልቁ ሌባ ነው። ድስቱ ስቶቩን በሁለት ነጥብ ብቻ ከነካ ቀሪው ሙቀት ኩሽናውን ነው የሚያሞቀው።

መብራት ሲጠፋስ? ያኔ ወይ ቡታጋዝ ነው ወይ ከሰል። በጋዝ ሲበሰል ከነበልባሉ ሙቀት ብዙው ድስቱን ሳይነካ በጎን ይሄዳል። ነበልባሉ ከድስቱ ሥር ወጥቶ ጎኑን እየላሰ ከሆነ ጋዙ እየባከነ ነው፤ ዝቅ ይደረግ። ሰማያዊ ካልሆነና ቢጫ ሆኖ ድስቱን ካጠቆረ ማቃጠያው ይጸዳ። ጋዝ ውድ ነው፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ለቡናና ለቁርስ፣ መብራት ለጠፋበት ሰዓት መጠባበቂያ ቢሆን ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ከሰል ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ሐሳቤን ሳልሸፍን ልናገር። ባሕር ዳር ገበያ የሚመጣው ከሰልና ማገዶ ከአካባቢው ዛፍ ነው፤ ከአዊ የዲከረንስ ተክልም (ለከሰል የሚተከል የግራር ዓይነት)፣ ከሐይቁ ዙሪያም። ከዘጌና ከምዕራቡ ዳርቻ በታንኳ እንጨት ጭነው ሲቀዝፉ የሚመጡ ሰዎችን የጣና ዳር ሰው ሁሉ ያውቃል። በአፈር ተከድኖ በሚከሰልበት ዘዴ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት አምስት ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት ይሄዳል። ምድጃችን ላይ ከመድረሱ በፊት አብዛኛው ኃይል ጫካ ውስጥ ጭስ ሆኖ ቀርቷል። ቡና በከሰል ይፈላ፣ በዚያ አልከራከርም። ሽሮና ባቄላ በከሰል መቀቀል ግን ለከተማ ቤት ውድም ጎጂም ነው።

ከወጪው በላይ የሚያስጨንቀኝ የከሰል አፈና ነው። በክረምቱ ዝናብና በታኅሣሥ ብርድ ፍም ያለበትን ምድጃ መኝታ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት የተለመደ ነው። ጭሱ ስለጠፋ ሰላም ይመስላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ። የተኛ ሰው ራስ ምታቱንም አይሰማውም። አመድ የለበሰ ፍም እንኳ ይህን ጋዝ ይለቃል። ፍም ባለበት ክፍል ውስጥ ማንም አይተኛ፤ ብርዱ ቢያይል ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይደረብ። በፕላስቲክ ኮዳ ሙቅ ውኃ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ ለአያትም ለልጅም ይበቃል። አንድ ሊትር ውኃ ነው፤ ስንት እንደሚፈጅ ቀድመን አስልተናል።

ቤቱን ራሱን ማሞቅ ለእኛ ትልቅ ጉዳይ አይደለም። የእኛ ጣጣ ቆርቆሮው ነው። ኮርኒስ የሌለው ቤት በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ይጋገራል፣ በታኅሣሥ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ሁለቱንም በአንዴ የሚያስታግሰው ኮርኒስ ነው፤ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር በጎን ቀዳዳ እንዲወጣ ከተደረገ ደግሞ በተሻለ። በምዕራብ በኩል አንድ ዛፍ ወይም የሚወጣ ሐረግ ከሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ ይከላከላል።

አሁን ወደ ጎረቤት ጉዳይ ልመለስ። ከላይ የተባለው ሁሉ የራሱ ቆጣሪ ላለው ሰው ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ግን በጣም ብዙ ሰው ተከራይ ነው፤ ብዙ ግቢ ደግሞ አንድ ቆጣሪ ብቻ ነው ያለው። ታሪፉ በእርከን መሆኑ የታሰበው ጥቂት የሚጠቀም ቤት በርካሽ እንዲያገኝ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። በጋራ ቆጣሪ ላይ ግን ይገለበጣል። አምስት አባወራ እያንዳንዱ በወር 70 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም በየራሱ ቆጣሪ ሁለተኛው እርከን ላይ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ 350 ይሆናሉ፤ አምስተኛው እርከን ደረሱ። ማንም ሳያባክን ሁሉም የአባካኝ ዋጋ ከፈለ። ድሃውን ሊጠብቅ የወጣ ሥርዓት ድሃው ላይ ዞረ።

ከዚያ ጭቅጭቁ ይመጣል። ቢሉ በክፍል ይካፈል ወይስ በሰው? ቦይለር ያለው ስንት ይክፈል? አከራዩ ሲሰለቸው «ምጣድ አይቻልም፣ ስቶቭ አይቻልም» ይላል። እኔም የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ይህን አይቻለሁ። አከራዩ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ቢሉ በስሙ ስለሚመጣና ሽቦው ስለማይችል ነው። የተከለከለው ተከራይ ግን መብላቱን አይተውም። ከሰል ይገዛል። እንጀራ ከሱቅ ይገዛል። ከተማ ውስጥ ሰው ለምን አሁንም በከሰል ያበስላል ስንል፣ አንዱ መልስ ይህ የጋራ ቆጣሪ ነው። ስለ ደን ጥበቃ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ይህን ካልነካ አይዘልቅም።

ሁለት ነገር ይደረግ ብዬ አምናለሁ። አንደኛው በአገልግሎት ሰጪው በኩል ነው። ለተከራይ በስሙ ቆጣሪ ማግኘት ቀላል ይሁን። ያ እስኪሆን አንድ ግቢ ውስጥ አምስት አባወራ መኖሩ በቀበሌ ከተረጋገጠ፣ እርከኑ በአባወራ ቁጥር ተካፍሎ ይሰላ። ቆጣሪው ያው አንድ ነው፣ የሚለወጠው ስሌቱ ብቻ ነው። የገቢ መቀነስ ይኖር ይሆናል፤ ግን ይህ ገቢ መጀመሪያውኑ ከዝቅተኛ ተጠቃሚ ሊሰበሰብ የታሰበ አልነበረም።

ሁለተኛው ግቢው ራሱ ከዚህ ወር ጀምሮ የሚያደርገው ነው። ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ይገባ። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ይገኛል፤ ዋጋውን አከራይና ተከራይ ቢካፈሉት አይከብድም። በየወሩ መጨረሻ ንባቡ ሁሉም ባለበት ይጻፍ፣ ቢሉ በዚያ ልክ ይከፋፈል። ያኔ ቦይለሩን ቀን ከሌት የሚሰካ ሰው የራሱን ይከፍላል፤ አከራዩም ምጣድ የሚከለክልበት ምክንያት ይቀንሳል።

ምጣዱ ደግሞ አንድ ይሁን፤ በራሱ ብሬከር፣ በራሱ ንዑስ ቆጣሪ፣ በጋራ ኩሽና። ቅዳሜ ጠዋት አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ሊጧን ይዛ ትቀጥላለች። ሦስት ቤት በተከታታይ ከጋገረ ምጣዱ የሚግለው አንዴ ብቻ ነው፤ ለሦስቱ 3.5 የነበረው የማጋያ ወጪ ወደ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ይወርዳል። መጀመሪያ የምትጋግረው ማጋያውን ብቻዋን እንዳትሸከም በየሳምንቱ ተራ ይለወጥ፤ ወይም የምጣዱ ቆጣሪ ንባብ በእንጀራው ቁጥር ይካፈል። እኔ የማውቀው አንድ ግቢ ሁለተኛውን መርጧል። የእንጀራውን ቁጥር የሚጽፉበት ደብተር ኩሽናው በር ላይ በክር ተንጠልጥሏል።